ጓንት ከማጥለቃችሁ በፊት ክንዳችሁን ስጡ

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ አክታ ስመረምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዘንድሮ ተመርቃችሁ ላቦራቶሪ ለምትገቡ ልጆቼ ስለ ቲቢ ምርመራ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

በእኛ ጊዜ የሚቀጥረን ሰው ዲግሪያችንን እንጂ ክንዳችንን አይጠይቅም ነበር። የሠራሁበት ቤት ስሙ ይቅር። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቬንትሌተራችንን ከአክታው ጠረጴዛ ጀርባ አቆምነው። ነፋሱ አክታውን አልፎ ፊት ለፊት የሚቀመጠውን ጓደኛዬን ይመታዋል። እሱም «አቦ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» ይላል። የተማርን ሰዎች ነን እኮ።

ከ11 ዓመት በኋላ ክንዴ ላይ የቲቢ የቆዳ ምርመራ ተወጋሁ። እብጠቱ 16 ሚሊ ሜትር ወጣ፤ ፖዘቲቭ ማለት ነው። ራጁ ንጹሕ ነው። ሳል የለ፣ የሌሊት ላብ የለ። ድብቅ ቲቢ ይሉታል። ጀርሙ ሰውነት ውስጥ አለ፣ ግን ተኝቷል፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ሐኪሙ «መቼ ያዘህ?» አለኝ። ምን ልበለው? ስቀጠር ስላልተመረመርኩ የማነጻጽርበት የለኝም።

ጥያቄው ለወሬ አልነበረም። ድብቅ ቲቢ ካለባቸው ሰዎች በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ናቸው። ስጋቱ የሚበረታው ደግሞ በተያዙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ስለዚህ በቅርብ የተያዘውና ድሮ የተያዘው መለየት አለበት።

ሥራ ሳትጀምሩ ተመርመሩ። ውጤቱን ቀን ጽፋችሁበት ቤታችሁ አስቀምጡ፣ የቢሮ ፋይል አትመኑ። የቆዳው ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነበባል። የሚለካው የጠጠረው እብጠት ነው፣ ቅላቱን ተዉት። በልጅነት የተከተባችሁት የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ ሳይዛችሁ ፖዘቲቭ ሊያስመስላችሁ ይችላል። የደም ምርመራም አለ፤ እሱ በቢሲጂ አይሳሳትም። ሁለቱም ግን የተኛውን ከነቃው አይለዩም፤ ለዚያ ምልክትና ራጅ ይታያል። መጀመሪያ ኔጌቲቭ ከነበራችሁና አንድ ቀን ሴንትሪፊውጅ (ናሙና በፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽን) ውስጥ የአክታ ቱቦ ቢሰበርባችሁ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ቶሎ ብትመረመሩ ሰውነታችሁ ገና ምላሽ ላይሰጥ ይችላል።

ፖዘቲቭ ከሆናችሁ አትደበቁ። መድኃኒት አለ። እኔ አይሶኒያዚድ በየቀኑ ለስድስት ወር ዋጥኩ። ጉበት እንዳይጎዳ ብዬ ቢራ ተውኩ፣ በድሬ ሙቀት ይሄ ቀልድ አይደለም! አሁን ሪፋፔንቲን ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር በሳምንት አንዴ፣ ለ12 ሳምንት የሚወሰድ አለ። ሽንታችሁ ብርቱካንማ ቢሆን አትደንግጡ፣ የሪፋፔንቲኑ ቀለም ነው። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ግን መድኃኒቱን አቁማችሁ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ያ ጓደኛዬ በኋላ ተመርምሮ እሱም ፖዘቲቭ ሆነ። ከአክታው ይሁን ከሌላ ቦታ እሱም አያውቅም። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ግን «ቬንትሌተርህ እንዴት ነው?» ይለኛል።