ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ማስኩን የሚነቅል ታካሚ

እህቴ፣ የጠየቅሽን ይህንን ነው፦ የቫልቭ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወጣት የትንፋሽ ቱቦው ከወጣ በኋላ ባይፓፕ (በማስክ በኩል አየር በግፊት እየሰጠ ትንፋሽ የሚያግዝ ማሽን) ታዘዘለት። ማስኩን እየነቀለ አስቸገረሽ። እጁን ልሰረው ወይስ በሃይ ፍሎ (በአፍንጫ በኩል ኦክስጅን በከፍተኛ ፍሰት በሚሰጥ መሣሪያ) ይቀየርለት?

እጁን ማሰሩ ይቅር። ቢያስመልሰው ማስኩ ቶሎ መውለቅ አለበት። እጁ ከታሰረ ትውከቱ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ስሠራ መረበሽን እንደ ምልክት ማየት ለምጃለሁ። ኦክስጅን ያነሰው፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ የተጠራቀመበት ወይም የደም ግፊቱ የወረደ ሰውም ማስክ ይነቅላል። ስለዚህ ማረጋጊያ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ሳቹሬሽኑን (ደሙ የያዘውን የኦክስጅን መጠን)፣ የደም ግፊቱንና የደም ጋዙን (በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅንና ካርቦንዳይኦክሳይድ የሚለካውን ምርመራ) እዪ። ድሬኑንም (ከደረቱ ደም የሚያስወጣውን ቱቦ) አትርሺ። ሲፈስ የነበረው በድንገት ቆሞ ግፊቱ ከወረደ፣ ልቡ ዙሪያ ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቀዶ ሐኪሙ ባስቸኳይ ይጠራ።

እነዚህ ደህና ከሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ሕመምና ፍርሃት ነው። የደረቱ አጥንት ተከፍቶ ነበር፤ ሲተነፍስ ያመዋል። ማስታገሻውን አስቀድሚ። ራስጌውን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጊ። ከዚያ ማሰሪያውን ሳታጠብቂ ማስኩን በእጅሽ ፊቱ ላይ ያዢለት፤ እሱም አብሮሽ ይያዝ። የአየሩ ግፊት ከዝቅተኛው ይጀመር፣ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ቀስ እያለ ይጨመር። «ወንድሜ፣ አየሩ ሲገባ አትታገለው፣ አብረኸው ተንፍስ» በዪው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከአጠገቡ አትራቂ። የነርስ እጥረቱን አውቀዋለሁ፤ ግን ተረኛ ጓደኛሽን ለምነሽም ቢሆን ቆዪ። የደም ግፊቱንም በዚያው ተከታተዪ፣ ማሽኑ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ስለሚቀንስ ሊወርድ ይችላል።

ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ይግባ። የአፍንጫው አጥንት እንዳይቆስል መከላከያ ለጥፊበት፣ መቅላቱንም እዪ። ትንሽ አየር ቢያመልጥ ግድ የለም፤ ዓይኑ ላይ ግን አይንፋ። ማስኩ ሲወልቅ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ያስል።

ሃይ ፍሎን በተመለከተ፣ ፈረንሳይ ውስጥ በ830 የልብና የደረት ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2015 የወጣ ጥናት ከባይፓፕ እንደማያንስ አሳይቷል። የፊት ቆዳ መቁሰልም በባይፓፕ ይበዛ ነበር። መሣሪያው ካላችሁ ሐኪሙን ጠይቂው። ካርቦንዳይኦክሳይዱ ከፍ ካለ ግን ባይፓፑ ይሻላል።

በየትኛውም ቢሆን ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የትንፋሹ ፍጥነት ካልቀነሰ፣ በአንገቱ ጡንቻ የሚተነፍስ ከሆነ ወይም ከደነዘዘ፣ ለሐኪሙ ወዲያው ንገሪው፤ ቱቦው መመለስ ሊኖርበት ይችላል። እኛ አገር የቫልቭ ታካሚው አብዛኛው በሩማቲክ የልብ በሽታ የቆየ ወጣት ነው። የሳንባው የደም ሥር ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ስለሚቆይ የኦክስጅን ማነስን አይችልም።