የአያቴ ጠመንጃ የስንት ጠመንጃ ዕቃ ነው?

የጥንት መሣሪያ፦ ጥያቄና መልስ ከአንባቢያን ጋር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ከአያታችን የወረስነው ውጅግራ አለ። ጎኑ ላይ 1874 ተጽፎበታል። አጎቴ «ዐድዋ ከመዝመታቸው 14 ዓመት በፊት የተሠራ ነው» ይላል። የበርሜሉና የማቀባበያው ቁጥር ግን አይገናኙም። ሰደፉም የፈረንጅ ሥራ አይመስልም፤ አንገቱ ላይ በጠፍር ተጠፍሯል። ፈቃድ አለን። ትክክለኛ ዕቃዎቹን አሰባስቤ እንደ ድሮው ላደርገው እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? (ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ጥይት እንዳልጎረሰ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ስንት ዓመት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ጎርሶ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 1874 የእኛ ዘመን አቆጣጠር አይደለም። የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1866 እና 1867 ላይ ያርፋል። የተሠራበት ዓመትም አይደለም። የሞዴሉ ስም ነው። ፈረንሳዮች ይህን ጠመንጃ በ1874 ተቀበሉት፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሠሩት ሁሉ 1874 እየተባለ ወጣ። የአጎትህ ስሌት በሁለት መንገድ የሳተው ለዚህ ነው። ሰውየው ግን ጠመንጃው ዐድዋ ደርሷል ማለቱ ከንቱ ነው አልልም። በዐድዋ ጦራችን በብዛት ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ውጅግራ ነበር።

የተሠራበትን ዓመት በርሜሉ ላይ ፈልግ፤ ከኋላ፣ ጥይት ወደሚጎርስበት ተጠግቶ። አንድ የላቲን ፊደልና አራት አሃዝ ታገኛለህ። ፊደሉ ፋብሪካውን ይነግርሃል። ኤስ ከሆነ ሴንት ኤቲየን፣ ሲ ከሆነ ሻቴልሮ፣ ቲ ከሆነ ቱል ነው። በግራ ጎን ያለው በእጅ ጽሕፈት አምሳል የተቀረጸው ረጅም ጽሑፍም የፋብሪካውን ስም ይይዛል። ጽሑፉ በዝገት ከተሸፈነ አትፋቀው። ስልክህን አብራና መብራቱን ከጎን፣ ከብረቱ ጋር አጋድመህ ያዘው። ፊት ለፊት ስታየው የጠፋ ፊደል በጥላው ይነሣል።

1866 እና 74 ጎን ለጎን ካገኘህ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ያ በርሜል መጀመሪያ ሻስፖ ነበር ማለት ነው፤ የወረቀት ጥይት ይጎርስ የነበረ፣ በመርፌ የሚተኮስ ጠመንጃ። በኋላ የብረት ቀለህ እንዲጎርስ ለወጡትና ውጅግራ አደረጉት። 80 የሚል ከተጨመረ በ1880 የተደረገው ማሻሻያ ደርሶታል።

የአፈሙዙን ቀዳዳም ለካው። ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቀለሁ ርዝመት 59። ጠባብ ሆኖ 8 ሚሊ ሜትር ግድም ከወጣ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳዮች በርሜሉን ቀይረው ከውጅግራ በኋላ የመጣውን የለበል ጠመንጃ ጥይት እንዲተኩስ ካደረጉት አንዱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ አሁን ያለው በርሜል ዐድዋን አላየም። የተቀረው አካል ግን አይቶ ሊሆን ይችላል።

የቁጥሩ አለመግጠም አያስደንግጥህ። ፋብሪካው በርሜሉን፣ ማቀባበያውንና እንጨቱን በአንድ ቁጥር ነው የመታው። ማቀባበያው ግን ቶሎ ከቦታው ይወጣል። ብዙ ጠመንጃ አንድ ላይ ተፈትቶ ሲጸዳ የአንዱ ለአንዱ ይገባል። ደግሞ ማቀባበያው ራሱ አንድ ብረት አይደለም። የፊቱ ራስ ለብቻው ይነቀላል። እዚያም ላይ ትናንሽ ምልክቶች አሉ፤ በማጉያ መነጽር እያቸው። አንዱ ማቀባበያ ውስጥ የሁለት ጠመንጃ ዕቃ ብታገኝ የሚገርም አይደለም።

ሰደፉን በተመለከተ፣ የፋብሪካው እንጨት የፈረንጅ ዋልነት ነው፤ ከአፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ። ያንተ የአገር እንጨት ይመስለኛል ካልክ በርሜሉ የሚተኛበትን ቦይ እይ። የማሽን ቦይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ልስላሴ አለው። የእጅ ቦይ የመሮ ምት ይታይበታል፤ አጫጭር፣ አንዱ ካንዱ ጥልቀቱ የተለያየ። ጠፍሩንም ልብ ብለህ እየው። እርጥብ ሆኖ ተጠምጥሞ ሲደርቅ እየጠበቀ ስንጥቁን ይዞታል። ይህን የሠራ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ስለዚህ «ትክክለኛ ዕቃ» ፍለጋህን በተመለከተ የምለው አለኝ። የጎደለ ቪት ወይም የማንገቻ ቀለበት ብታገኝ አስገባ። ጥሩ ነው። ያንን ሰደፍ ግን በአዲስ የፈረንሳይ ሰደፍ እንዳትቀይረው እለምንሃለሁ። የፈረንሳዩ ሰደፍ በብዙ ሺህ ጠመንጃ ላይ አለ። የአያትህ ሰደፍ ያንተ ጠመንጃ ላይ ብቻ ነው ያለው። የምታወጣውን ማንኛውንም ዕቃ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ቁጥሩንና ያወጣህበትን ቀን ጽፈህ በከረጢት አስቀምጥ። የአጎትህንም ቃል ጻፈው፤ ከማን እንደሰማው፣ አያታችሁ በማን ጦር ሥር እንደዘመቱ። ማህተሙ የሚነግርህ የት እንደተሠራ ነው። ማን እንደያዘው የሚነግርህ አጎትህ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ምድጃ የምትቆሰቁስበት ረጅም ብረት አለ። እጀታው የእንጨትና የናስ ነው። ሳንጃ ነው ይሉናል። የየትኛው ጠመንጃ ነው? (ከአንኮበር)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለእናትዎ ሌላ መቆስቆሻ ይግዙላቸው! የገለጹት እጀታ የውጅግራ ሳንጃ ይመስላል።

የሚለየው በስለቱ ቅርጽ ነው። ከጫፉ በኩል ቀጥ አድርገው ይዩት። ውጅግራ ከሆነ ከኋላ ሰፊ ጀርባ፣ ከፊት ቀጭን ስለት ያለው የቲ ፊደል ቅርጽ ይታያል። ስለቱ 52 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጎራዴ መስሎ ወገቡ ላይ ከተቆለመመና እጀታው ሙሉ በሙሉ ናስ ከሆነ የሻስፖ ነው። አራት ጠርዝ ያለው፣ መስቀል የሚመስል፣ እንደ ወስፌ የቀጠነ ከሆነ ደግሞ የለበል ነው።

አሁን ጀርባውን በጣትዎ ይዳብሱት። የውጅግራ ሳንጃ ጀርባው ላይ በቀጭን የእጅ ጽሕፈት የፋብሪካው ስም፣ ወሩና ዓመቱ ተቀርጿል። ወሩ ጭምር! ጠመንጃው ላይ የማያገኙትን ሳንጃው ላይ ያገኙታል። እሳት የነካው ጫፉ ስለሆነ ወደ እጀታው የቀረበው ጽሑፍ ሊተርፍ ይችላል። በመስቀለኛው የእጅ መከላከያ ላይም ቁጥር አለ፤ አፎቱ ከተገኘ ተመሳሳይ ቁጥር ይኖረዋል። እንግዲህ አፎቱን ጎተራም ቢሆን ገብታችሁ ፈልጉት።

ጥያቄ፦ የቤት መሠረት ስንቆፍር አንድ ወፍራም ብረት ወጣ። የእጅ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ታች በኩል ክብ ሰፊ ቀዳዳ አለው፣ ላይ በኩል በአውራ ጣት የሚገፋ ጆሮ። ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። የመሣሪያ ነው ያሉን ሽማግሌ አሉ። (ከዓድዋ አካባቢ)

መልስ፦ ሽማግሌው ትክክል ናቸው። ደብዳቤህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ አገላለጽህ ከፎቶ ይሻላል። ይህ የሬሚንግተን መዝጊያ ነው።

ሬሚንግተን እንደ ውጅግራ የሚሳብ ማቀባበያ የለውም። ሁለት ወፍራም ብረቶች አሉት፤ አንዱ መዝጊያው፣ ሌላው መምቻው። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ወፍራም ዘንግ ላይ ይሽከረከራሉ። ሰፊው ቀዳዳ ዘንጉ የሚገባበት ነው። በአውራ ጣት መዝጊያውን ወደ ኋላ ገልበጥ ታደርገዋለህ፣ ጥይቱን ታጎርሳለህ፣ ትመልሰዋለህ። ስትተኩስ መምቻው ከሥሩ ገብቶ ይደግፈዋል፤ ጥይቱ በፈነዳ መጠን መዝጊያው ይበልጥ ይጠብቃል። ፊቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ መርፌው የሚወጣባት ናት።

እንዴት እዚያ ደረሰ ለሚለው፣ የአካባቢህን ታሪክ አስብ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር በጉንደትና በጉራ በዐፄ ዮሐንስ ተሸነፈ። የግብፅ ወታደር የያዘው ሬሚንግተን ነበር፤ ብዙውም በእኛ ሰው እጅ ገባ። ያንተ ብረት ከዚያ ነው ብዬ አልፈርምም። ብረቱ ብቻውን ይህን አይናገርም። ሙሉ ጠመንጃ ቢሆን በርሜሉ ላይ የዐረብኛ ጽሑፍ እንፈልግ ነበር። ስለዚህ የወጣበትን ቦታ፣ ጥልቀቱንና አብሮት የነበረውን ነገር ጻፍ። ቀለህም፣ የተቀጠቀጠ እርሳስም ከወጣ አትለያያቸው። ከዚያ ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ከመሬት የወጣ ነገር ዋጋው ያለው ከቦታው ጋር ሲያያዝ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ «የዐድዋ ምርኮ ምንሽር» የሚለው አጭር ጠመንጃ አለን። ሳንጃው ከአፈሙዙ ሥር ይታጠፋል። 1936 የሚል አለው፤ ከጎኑ አንድ የመስቀል ምልክት፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመርና አንድ ሹል ምልክት አለ። አብራው አንዲት የጥይት ማቀፊያ ቆርቆሮ አለች። (ከደሴ)

መልስ፦ አባትህን በአክብሮት አስረዳቸው፤ ይህ የዐድዋ አይደለም። ምንሽርም አይደለም። የጣልያን ካርካኖ ነው፤ ሳንጃው የሚታጠፈው የፈረሰኛው አጭር ሞዴል። በዐድዋ የጣልያን ጦር በብዛት የያዘው ቬተርሊ የሚባለውን ነበር።

መስቀል፣ መስመርና ሹል ምልክት ያልካቸው አንድ ላይ የሮማውያን ቁጥር 14 ናቸው። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1915 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸውን ዓመት ይቆጥሩ ነበር፤ መሣሪያቸውም ላይ ይመቱት ነበር። የፈረንጁ 1936 ከ14ኛው ዓመት ጋር ሲገናኝ ጠመንጃው በእኛ ከ1928 አጋማሽ እስከ 1929 መግቢያ ባለው ጊዜ ተሠርቷል። የማይጨው ዘመን ነው። ይህን ከጠላት እጅ የወሰደ ሰው ከቤተሰባችሁ ካለ፣ አርበኛ ነበር ማለት ነው። አባትህን እንደገና ጠይቃቸው። ስለ አያታቸው ሳይሆን ስለ አባታቸው።

ማቀፊያዋን ደግሞ ለብቻዋ እያት። ስድስት ጥይት የምትይዝና ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ከሆነች የካርካኖ ናት። አምስት የምትይዝና ባንድ አቅጣጫ ብቻ የምትገባ ከሆነች ግን የእውነተኛው ምንሽር ናት፤ የኦስትሪያው የስታየር ፋብሪካ ሞዴል 95። እሱ እጀታው ሳይጠመዘዝ በቀጥታ ወደ ኋላ ይሳባል። እንዲህ ከሆነ ቤታችሁ ውስጥ ሌላ ጠመንጃ ነበረ ማለት ነው፤ የአባትህም «ምንሽር» ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ዝገቱን በግራይንደር ላስለቅቀው ወይስ በብርጭቆ ወረቀት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በሁለቱም አይሆንም! ግራይንደር በአንድ ደቂቃ የ150 ዓመት ማህተም ይበላል። የስፌት መኪና ዘይት ቀባው፣ አሳድረው፣ በሻካራ ጨርቅ ጥረገው፣ ድገመው። ቀዩ ዝገት ይለቃል። ጥቁሩ ይቆይ፤ እሱ አይጎዳም። ቫርኒሽ እንጨቱ ላይ አታስነካ።

ጥያቄ፦ የላይኛው ብረት ላይ አንበሳ ያለበት ቤልጅግ አለኝ። አንድ የውጭ አገር ሰው በጥሩ ዋጋ ልግዛህ፣ ፈታትቼ ዕቃውን እወስደዋለሁ ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ አትሽጥለት። አንበሳው የይሁዳ አንበሳ ነው። ጎኑ ላይ ኤርስታል የሚለውን የፋብሪካ ከተማ ስም ካገኘህ፣ ቤልጅጎች ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከሠሩት ነው። ጥይቱ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው።

ሕጉንም እወቅ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ያስጠይቃል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሰውየው «ፈታትቼ» ማለቱ ራሱ ጥሩ ምልክት አይደለም። ፈቃድ ከሌለህ ጠመንጃውን ይዘህ መንገድ ላይ አትውጣ። መጀመሪያ ባዶ እጅህን ፖሊስ ጣቢያ ሂድና እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቅ። ማኖር ካልቻልክ ሙዚየም አነጋግር። ከማስረከብህ በፊት ግን የአንበሳውን፣ የቁጥሩንና የሰደፉን ፎቶ አንሣ፤ የተቀበለህ ሰው የፈረመበት ወረቀትም እጅህ ይግባ።