የተረፈውን አሞክሳሲሊን አትስጫት፤ ስለ ማንኪያው ደግሞ ከራሴ ቤት ልንገርሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅሽ 2 ዓመቷ ነው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ያተኩሳታል፣ ያስላታል። ከወንድሟ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ «ካርድ አውጥቼ ከምሰለፍ አንድ አንድ ማንኪያ ልስጣት ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ግን በዚሁ በማንኪያ ምክንያት የመጀመሪያ ልጄን ይዤ ድንገተኛ ክፍል አድሬያለሁና አጭር መልስ ሰጥቼሽ ማለፍ አልቻልኩም።

አሞክሳሲሊኑን አትስጫት። ዱቄቱ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው የቀናት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን፣ ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ ቢበዛ 14 ቀን። ጠርሙሱ ላይ ታትሞ የምታዪው የማብቂያ ጊዜ ያልተበጠበጠውን ዱቄት የሚመለከት ነው፤ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንሳሳታለን። ደግሞም ጉንፋንና አብዛኛው የልጆች ሳል ከቫይረስ የሚመጣ ነው፤ አሞክሳሲሊን አንቲባዮቲክ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ሆዷን አበላሽቶ ተቅማጥ ያመጣባት ይሆናል፣ ሳሏን ግን አይነካውም። የሳንባ ምች ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልጋት በራሷ ክብደት የተሰላ፣ የታዘዘላትን ቀናት በሙሉ የሚሸፍን አዲስ መድኃኒት ነው፤ ከጠርሙስ ሥር የቀረ ሁለት ሦስት ማንኪያ አያድናትም።

አሁን ስለ ማንኪያው። ልጄ ያኔ 11 ወሩ ነበር፣ 9 ኪሎ። እኔ ሥራ ስገባ እማዬ ጋ ነበር የሚውለው። ትኩሳት ጀመረውና ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት ፓራሲታሞል ገዛሁ። ቤት የለመድነው በ5 ኤምኤል (ሚሊ ሊትር) 120 ሚሊ ግራም ያለው ሽሮፕ ነበር፤ የዚያን ቀን የተሰጠኝ ግን ለሕፃናት የሚሆን ጠብታ ነው፣ በ1 ኤምኤል ብቻ 100 ሚሊ ግራም ያለው። ሻጩ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «1 በቀን 3 ጊዜ» ብሎ ጻፈ። አንድ ምን እንደሆነ አልጻፈም። እኔም ቸኩዬ ስለነበር አልጠየቅኩም።

እማዬ አምስት ልጅ ያሳደገችው በማንኪያ ነው። ጠዋት አንድ የሻይ ማንኪያ ሰጠችው፣ ከሰዓት አንድ ደገመችው። ማታ ስገባ እኔ በመስጫው 1 ኤምኤል ጨመርኩ። ጠርሙሱን ልመልስ ሳነሳው ቀለለኝ። 15 ኤምኤል የሚይዝ ጠርሙስ በአንድ ቀን ከግማሽ በላይ ጎድሏል። «እማዬ፣ በምንድን ነው የሰጠሽው?» ስላት ማንኪያውን አሳየችኝ። ለ9 ኪሎ ልጅ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ90 እስከ 135 ሚሊ ግራም ነው፤ የኔ ልጅ በአንድ ማንኪያ 500 ገደማ ወስዷል፣ ያውም ሁለቴ።

ታክሲ ይዘን ከነፍን። ሐኪሟ ገና ሳትነካው ሦስት ነገር ጠየቀችን፦ የትኛው ጠርሙስ፣ ስንት ኤምኤል፣ ስንት ሰዓት ላይ። ጠርሙሱን ይዤው በመሄዴ እስከ ዛሬ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ልጁ እኮ እየሳቀ ነበር፤ ትኩሳቱም ወርዶለታል። ሐኪሟ ግን ፓራሲታሞል ከመጠን ሲያልፍ የሚጎዳው ጉበትን መሆኑን፣ በመጀመሪያው ቀን ልጁ ምንም ያልሆነ ሊመስል እንደሚችል፣ ማርከሻ መድኃኒትም እንዳለውና የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር መሆኑን ነገረችን። ደም ተወሰደ፣ አደርን፣ ጠዋት ደግሞ ተወሰደ። ጉበቱ ደህና ሆኖ ተገኘ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ወንበር ላይ ያለቀሰችውን ለቅሶ ግን አልረሳውም። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ «አንድ ምን?» ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ቤት ስገባ ያሉንን ማንኪያዎች ሁሉ አውጥቼ በሲሪንጅ ውሃ ለካሁባቸው። «የሻይ ማንኪያ» ከምንላቸው አንዱ 3 ኤምኤል ያዘ፣ ሌላው ወደ 7 ተጠጋ። ከዚያ ወዲህ መርፌ የሌለው የ5 ኤምኤል ሲሪንጅ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ብዙ መድኃኒት ቤት ጠይቄ በትንሽ ብር አግኝቻለሁ። ቀጥ አድርገሽ አስቀምጫት፣ በጉንጯ በኩል ቀስ እያልሽ ጨምሪላት። አጋድመሽ አፍንጫዋን ይዘሽ አትጋቻት፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

ልጅሽ ለምሳሌ 12 ኪሎ ብትሆን፣ ፓራሲታሞል ለ1 ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በ5 ኤምኤል 120 ካለው ሽሮፕ ከ5 እስከ 7.5 ኤምኤል፤ በ5 ኤምኤል 250 ካለው ከ2.5 እስከ 3.5 ኤምኤል ገደማ፤ ከጠብታው ደግሞ 1.2 ቢበዛ 1.8 ኤምኤል። ልጅቷ ያው፣ መድኃኒቱም ያው፤ ጠርሙሱ ሲለወጥ ግን ልኩ እንዲህ ይለያያል። በሁለት አሰጣጥ መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይለፍ። ክብደቷን የማታውቂ ከሆነ የክትባት ካርዷን እዪ፤ የቆየ ከሆነ ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ይመዝኑልሻል። እኔ አንዴ ቸግሮኝ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ጋ መጀመሪያ እሱን ታቅፌ፣ ቀጥሎ ብቻዬን ተመዝኜ ቀንሼዋለሁ። ግምት ነው፤ ስትችዪ በደንቡ አስመዝኛት።

ፓራሲታሞል በስንት ስም እንደሚሸጥም ልብ በይ። ፓናዶልም ካልፖልም እሱ ነው። አንዳንድ የጉንፋን ሽሮፕ ውስጥም ተቀላቅሎ አለ፣ በፊንጢጣ የሚገባውም አለ። ክሊኒክ በፊንጢጣ ሰጥተዋት ቤት ገብተሽ ሽሮፕ ከደገምሽላት ሁለት ጊዜ ወሰደች ማለት ነው። አስፕሪንማ ለልጅ ጭራሽ አይሰጥም፤ ጉበትና አእምሮን የሚጎዳ ከባድ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። አይቡፕሮፌን የሚባለውን ሌላ የትኩሳት መድኃኒት ተቅማጥና ትውከት ላለባትና ፈሳሽ ላነሳት ልጅ ሳትጠይቂ አትስጪ፣ ኩላሊት ይጎዳል። የሳል ሽሮፕ ለ2 ዓመት ልጅ ይጠቅማል ብዬ አላምንም፤ ብዙዎቹ የሚያስተኙ ናቸው። እኔ ለብ ያለ ውሃ እና ማታ ላይ ትንሽ ማር ነው የምሰጠው። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ልጅ አደገኛ ነውና ታናሽ ካለቻት ተጠንቀቂ። እማዬ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ ስታሽ አልከለክላትም፤ ጭማቂውን አፍንጫቸው ውስጥ እንዳትጨምር ግን ተስማምተናል።

አሁን ቤታችን ፍሪጅ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ ሰዓት፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ኤምኤል፣ ማን ሰጠ። እማዬ ዓይኗ ስለደከመ ሲሪንጁ ላይ የሚደርስበትን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምሬላታለሁ። መድኃኒቱን ከቡፌው አንስተን ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ አደረግነው፤ ሽሮፕ ጣፋጭ ነው፣ ልጆች ሲያገኙት ይጠጡታል።

ዛሬ ምን ታድርጊ ላልሽው፣ ተኝታ ወይም ጸጥ ባለች ሰዓት ደረቷን ገልጠሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሿን ቁጠሪ። በእሷ ዕድሜ 40 ከሞላ ወይም ካለፈ ወይም ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ሰልፉን አትፍሪ፣ ዛሬውኑ ውሰጃት። መጠጣት ካቃታት፣ የወሰደችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጣት ወይም ፈዝዛ አልነቃ ካለችሽ ደግሞ ወረፋ የሚባል ነገር የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ፓራሲታሞሉን በኪሎዋ ልክ ስጫት፣ ልብስ አታብዢባት፣ ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ አጠጫት፤ ትኩሳቱ ሦስተኛ ቀኑን ከያዘ ግን አሳያት።

ከመስጠትሽ በፊት የጠርሙሱን ፎቶና ክብደቷን ይዘሽ ፋርማሲስት ጋ ሂጂና «ስንት ኤምኤል?» ብለሽ ቁጥሩን አስጽፊ። ትንፋሿ ስንት እንደሆነና ሌሊቱን እንዴት እንዳደረች ጠዋት ጻፊልን፣ እጠብቃለሁ።