ለትልቅ ሐይቅ የቤተሰብ ጀልባ፦ ከሞተሩ በፊት ጎኗንና ኋላዋን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንተ፣ ባለቤትህ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች፣ ሐይቁ ደግሞ ማዶው የማይታይ። ለምርጫ የቀረቡልህ ሁለት ጀልባዎች ናቸው። አንዷ 4.5 ሜትር፣ ፊቷ ክፍት ሆኖ መቀመጫ ያላት፣ ሞተሯ አዲስ። ሌላዋ 5.5 ሜትር፣ ያረጀች ግን ጎኗ ከፍ ያለ። አብዛኛው ሰው "አዲስ ሞተር ያላትን ውሰድ" ብሎሃል። እኔ አልስማማም። ሞተር ይቀየራል፣ የጀልባ ቅርጽ ግን ከገዛህ በኋላ አይቀየርም።

ትልቅ ሐይቅን ብዙ ሰው ይንቃል። "ባሕር አይደል፣ ምን ያመጣል?" ይላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ጥልቅ ባሕር ላይ በ10 ሰከንድ ልዩነት የሚመጡ ሞገዶች በመካከላቸው 150 ሜትር ያህል ርቀት አለ። ጀልባዋ ቀስ ብላ ትወጣለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ሐይቅ ላይ የንፋስ ሞገድ በ3 ሰከንድ ልዩነት ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ርቀቱ ወደ 14 ሜትር ይወርዳል። አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ ፋታም አይሰጥም። ትንሽ ጀልባ ከአንዱ ሳትወጣ አፍንጫዋ ሌላው ውስጥ ይገባል። ፊቷ ክፍት ከሆነ ደግሞ ውሃውን የሚቀበሉት እዚያ የተቀመጡት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ ከነዕቃው ተሳፍሮ ከውሃው እስከ ጠርዙ ምን ያህል እንደሚቀር ተመልከት። ባዶዋን ቆማ አይተህ እንዳትወስን።

ከዚያ ወደ ኋላ ዙር። እዚህ ላይ አደራ እልሃለሁ። ውሃ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከፊት ሳይሆን ሞተሩ ከተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ነው። አንድ ወዳጄ ጋር ስንወጣ ንፋሱ ከኋላ ነበር። ፍጥነቱን ድንገት ሲቀንስ ራሷ ጀልባዋ ያስነሳችው ሞገድ ደረሰባትና በሞተሩ ግራና ቀኝ ዘልቆ ገባ። ልጆቹ እግራቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ፤ የነዳጅ ጀሪካኑ ከቦታው ተነስቶ መንሳፈፍ ጀመረ። ቀላል እንዳይመስልህ፦ 4 ሜትር በ2 ሜትር በሆነ ወለል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ማለት 800 ኪሎ ነው። ያ ሁሉ ክብደት ደግሞ ጀልባዋ ባዘነበለችበት በኩል አብሮ ይሮጣል። እግሩ አጭር ለሆነ ሞተር የሚሠራው የኋላ ግድግዳ ቁመቱ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እግሩ ረጅም ለሆነው 51። አንተ ከ51 በታች አትቀበል። ከሞተሩ ፊት የገባውን ውሃ መልሶ ወደ ውጭ የሚያፈስ ገንዳ ካላት ደግሞ እሰየው።

የታችኛው ቅርጿ ቪ ይሁን፣ ኋላዋ ድረስ 18 ወይም 20 ዲግሪ ያህል የጠለቀ። ጠፍጣፋዋ ቆማ ስትታይ አትነቃነቅም፣ ነዳጅም ትቆጥባለች፤ ሞገድ ሲመጣ ግን ወገብ ትሰብራለች። አልሙኒየም ወይስ ፋይበርግላስ የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የአምራቹን ሰሌዳ አንብብ። በአውሮፓ ደረጃ "ሲ" የተባለችው እስከ 2 ሜትር ሞገድና ቦፎርት በሚባለው የንፋስ ኃይል መለኪያ እስከ 6 ለሚደርስ ንፋስ ናት። "ዲ" ግን ለ0.3 ሜትር ሞገድ ብቻ ናት፤ ለአንተ ሐይቅ አትሆንም። ውሃ ብትሞላም እንዳትሰጥም የሚይዛት ፎም መኖሩንም ጠይቅ። በአሜሪካ ከ20 ጫማ በታች ለሆኑ አብዛኞቹ ባለሞተር ጀልባዎች ይህ በሕግ ግዴታ ነው።

አሮጌዋን ስትመረምር የሞተሩን እግር ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርገው። የኋላው ግድግዳ አብሮ ከተነቃነቀ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷልና ተዋት፣ በነፃም ቢሆን። ፎሙ ውሃ ጠጥቶ ከሆነ በሚዛን ይታወቃል፤ ከተጻፈው ክብደት በጣም ትበልጣለች።

የቀረውን ታውቀዋለህ፦ ለልጆቹ በልካቸው የተሠራ፣ አንገት የሚደግፍና በእግር መሃል የሚታሰር የሕይወት አድን ጃኬት፤ ውሃ የሚያወጣ ፓምፕና ባልዲ፤ የሬዲዮ መገናኛ። አሽከርካሪው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድም አደራ፣ ሁልጊዜ እጅህ ላይ ይሁን።

እኔ ብሆን ግድግዳዋ ጤነኛ ከሆነ 5.5 ሜትሯን እወስድ ነበር። ግን ከመክፈልህ በፊት የሁለቱንም ሰሌዳና ኋላቸውን በቅርብ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን፤ አብረን እንያቸው።