ከሚክሰር በፊት ሚዛን፦ ስለ ቤት ውስጥ መጋገር ጥያቄና መልስ

ቤት ውስጥ ኬክና ዳቦ መጋገር የምትጀምሩ ሰዎች ሁልጊዜ የምታነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ምን ልግዛ?» አዲስ አበባ ውስጥ በራሴ ማዕድ ቤት 14 ዓመት ጋግሬአለሁ። የማውቀውን ሳልሸሽግ እመልሳለሁ፤ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ገንዘቤ ትንሽ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ግዢ ቢሉኝ የቱን ይመርጡልኛል?

መልስ፦ ሚዛን፣ እህቴ። ግራም የሚያሳይ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የማዕድ ቤት ሚዛን። ዱቄት በኩባያ ሲለካ መጠኑን የሚወስነው የሰው እጅ ነው። ዱቄቱን ነፍቶ በማንኪያ እየጨመረ የሞላው ሰው አንድ ኩባያው 120 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክሮ የዛቀው ግን ከ150 ግራም ሊያልፍ ይችላል። በሦስት ኩባያ ላይ ይህ ልዩነት 90 ግራም ነው። ኬኩ ደርቆ ሲሰነጠቅ ሁሉም ኦቨኑን ይወቅሳል፤ የተበላሸው ግን ገና ሲለካ ነበር። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ሚክሰር ነው። አንድ ቀን ያማረልኝ ኬክ በሳምንቱ ለምን እንደከዳኝ ሳይገባኝ ብዙ ዱቄትና እንቁላል አባከንኩ። ሚዛን ከገዛሁ በኋላ ነው ትናንት የጋገርኩትን ዛሬ መድገም የቻልኩት።

ጥያቄ፦ ከሚዛን ቀጥሎስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ቤትሽን ፈትሺ። ወንፊት አለሽ፤ ጎድጓዳ ሳህን አለሽ፤ የእንጨት ማንኪያ አለሽ። ሊጥ ለመዳመጥ በደንብ የታጠበ ጠርሙስ ይበቃል። የሚገዛው ጥቂት ነው፦ 5 እና 15 ሚሊ ሊትር የሚይዙ የመለኪያ ማንኪያዎች፣ የሳህኑን ጎን ጠርጎ የሚያወጣ የላስቲክ ማንኪያ፣ የሽቦ እንቁላል መምቻ፣ የመጋገሪያ ወረቀትና 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ክብ መጋገሪያ። አንድ ብቻ። በአንዱ መጋገሪያ አሥር ጊዜ ጋግረሽ ጠባዩን ስታውቂ ሁለተኛውን ግዢ።

ጥያቄ፦ መጋገሪያውን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ባሠራው ይሻላል ወይስ ከሱቅ ልግዛ?

መልስ፦ የባለሙያዎቹን እጅ አከብራለሁ፤ በልክህ ይሠሩልሃል። ነገር ግን ብረቱ ከምን እንደመጣ ጠይቅ። ቀለም ወይም ኬሚካል ከነበረበት በርሜል የተቆረጠ ለምግብ አይሆንም። አዲስ አሉሚኒየም ይሁን፤ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ቁመቱም ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር። ጥቁር መጋገሪያ ሙቀት አብዝቶ ስለሚስብ የኬኩን ጠርዝ ቶሎ ያሳርራል፤ ያለህ እርሱ ከሆነ ሙቀቱን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቀንስ።

ጥያቄ፦ ኦቨኔ 180 ላይ ሆኖም ያሳርርብኛል። የተበላሸ ይሆን?

መልስ፦ ላይበላሽ ይችላል። የብዙ ኦቨኖች ቁጥር ከውስጥ ሙቀታቸው ጋር አይገጥምም። ለዚህ ነው ኦቨን ላለው ሰው ቅድም ከዘረዘርኳቸው ዕቃዎች ሌላ ኦቨን ውስጥ የሚቀመጥ የሙቀት መለኪያ የምመክረው። እስክትገዢው ድረስ በስኳር ፈትኚው። ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ጥቂት ስኳር በአሉሚኒየም ወረቀት ላይ አድርገሽ 175 ላይ 15 ደቂቃ አቆዪው። ከቀለጠ ኦቨንሽ ከሚለው በላይ ይሞቃል ማለት ነው። 190 ላይም ካልቀለጠ ደግሞ ከሚለው በታች ነው።

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር ያገኘሁትን አሠራር በግራም መዝኜ ተከተልኩ፤ ኬኩ ግን አብጦ መሐሉ ወደቀ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! እጅሽ አላጠፋም፤ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው ጋዝ በቀላሉ ይነፋል፤ ኬኩ ሳይጠነክር ቶሎ ያብጥና ይወድቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሺ፤ በአንድ ኩባያ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ አንሺለት፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ወይም ወተት ጨምሪ፤ ኦቨኑንም 10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጊ። ለውጡን በደብተር ጻፊ። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ከፍታችሁ ስለሚያንስ ከዚህ ያነሰ ማስተካከያ ይበቃችኋል። አሠራሩ በፋራናይት ከተጻፈም 350 ማለት 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ እኅቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው። ሚክሰር ታምጣልኝ?

መልስ፦ አታምጣ። የአሜሪካ ሚክሰር የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው፤ በቀጥታ ከሰካሽው ይቃጠላል። በምትኩ የኦቨን ሙቀት መለኪያና የመለኪያ ማንኪያዎች ታምጣልሽ፤ ሻንጣ ውስጥም ቦታ አይፈጁም። የዳቦ ሊጥ በእጅ 10 ደቂቃ ቢታሽ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ኦቨን የለኝም። ልተወው?

መልስ፦ በፍጹም! እናቶቻችን ድፎ ዳቦ የጋገሩት በምን ነበር? በኤሌክትሪክ ምጣድሽ ጀምሪ። የፎርኖ ዱቄቱን ሊጥ ኩፍ ካለ በኋላ በኮባ ላይ አድርጊው፤ በላዩም ኮባ አልብሺ፤ አክንባሎ ድፊበት። ምጣድ ከሥር ብቻ ስለሚያሞቅ እሳቱ መለስተኛ ይሁን፤ ሥሩ ሲጠነክር ገልብጪው። በዚህ መንገድ እሳትን ማንበብ የተማረ ሰው ኦቨን ሲያገኝ አይቸገርም።

ጥያቄ፦ ኦቨኑን ከፍሪጁና ከምጣዱ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ብሰካውስ?

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። ብዙዎቹ ትንንሽ ኦቨኖች እንኳ ከ1,500 እስከ 2,000 ዋት ይወስዳሉ፤ ምጣድ ከዚያም ይበልጣል። ቀጭን ገመድ ግሎ ቤት ያቃጥላል። ኦቨኑን ለብቻው ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሰካ።

ጥያቄ፦ የዳቦ ውስጥ ሙቀት የሚለካ ሹል መለኪያ አለኝ። 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጪ ይላል፤ የእኔ ግን ዳቦው እስኪደርቅ ብጠብቅም አይደርስም።

መልስ፦ አይደርስም። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ርጥበት ያለው ዳቦ ደግሞ መሐሉ ከዚያ አያልፍም። 96 ለባሕር ዳርቻ ከተሞች የተጻፈ ቁጥር ነው። አንቺ 88 ወይም 90 ስታዪ አውጪው፤ ገልብጠሽ ሥሩን በጣትሽ አንኳኪ፤ ባዶ ነገር የተመታ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ በስሏል። ከመቁረጥሽ በፊት በወንፊት ወይም በሽቦ ላይ ይቀዝቅዝ።