ካሲኖው «ያሸነፍከውን አልከፍልም» ካለህ፦ ለበርሚንግሃሙ ወንድማችን የተሰጠ መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። በኦንላይን ካሲኖ 4,300 ፓውንድ አሸነፍክ። ላውጣ ስትል መጀመሪያ ፓስፖርት ጠየቁህ፤ ላክህ። ቀጥለው የሦስት ወር የባንክ ስቴትመንት አሉህ፤ እሱንም ላክህ። ይኸው ሳምንታት አለፉ። ቻት ላይ የምታገኛቸው ሁሉ «አካውንትህ እየተጣራ ነው» ከማለት ሌላ ቃል የላቸውም። «ገንዘቤን አገኘዋለሁ ወይስ ተበላሁ?» ብለሃል።

እኔ ለንደን ውስጥ በአንድ የሐበሻ ማኅበር ደብዳቤና ፎርም ለሚቸግራቸው ሰዎች እየጻፍኩ አግዛለሁ። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ይዞ የሚመጣው ሰው ጥቂት አይደለም። ገንዘቡ የወጣለትም፣ ውሃ የበላውም አይቻለሁ።

ከሁሉ በፊት፣ አካውንቱ ውስጥ ካለው ገንዘብ አንዲት ፔኒ እንዳትጫወት። ዛሬ ነገ ሲሉት ተሰላችቶ «እስከዚያ ትንሽ ልሞክር» ያለና ሁሉንም በአንድ ሌሊት የጨረሰ ሰው አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ብለህ ትከራከራለህ? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጋምብሊንግ ኮሚሽንም ይህን ስለሚያውቅ፣ ለማውጣት የጠየቅከውን ገንዘብ ሰርዘህ ወደ ጨዋታ እንድትመልስ የሚያደርገውን አሠራር ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ከልክሏል። ያንተ ገጽ ላይ «ጥያቄህን ሰርዝና ተጫወት» የሚል ቁልፍ ካለ፣ ካሲኖው የእንግሊዝ ፈቃድ የለውም ብለህ ጠርጥር።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ፈቃዱ ነው። ከ2014ቱ ሕግ ወዲህ እንግሊዝ አገር ላለ ተጫዋች የሚሠራ ካሲኖ ቢሮው ጂብራልታር ይሁን ማልታ፣ የጋምብሊንግ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። ገጹን እስከ ታች ውረድ። የድርጅቱ ስምና የፈቃድ ቁጥር እዚያ መጻፍ አለበት። አርማውን አይተህ እንዳትረካ፤ አርማ ማንም ይለጥፋል። ቁጥሩን ይዘህ ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ወዳለው የሕዝብ መዝገብ ግባና አንተ የተጫወትክበት አድራሻ ራሱ መመዝገቡን እይ። አንዲት እህት ያመጣችው ገጽ አርማውም ቁጥሩም ትክክል ነበር። መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ ግን ከእሷ በአንድ ፊደል ይለያል። የሌላ ድርጅት ፈቃድ ሰርቀው ነው የለጠፉት።

ፈቃዱ የእንግሊዝ ካልሆነ እውነቱን ልንገርህ፦ ነገሩ ከባድ ነው። ከእነዚህ ካሲኖዎች ብዙዎቹ በካሪቢያን ባሕር ያለችው የኩራሳው ደሴት ፈቃድ የያዙ ናቸው። እዚያ ለረጅም ጊዜ ጥቂት ድርጅቶች ዋናውን ፈቃድ ይዘው ለሌሎች ሲያከፋፍሉ ነበር። በዲሴምበር 2024 አዲስ ሕግ ወጥቶ ቁጥጥሩ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቷል። ቅሬታህን ላክላቸው፤ ግን ኪራይህን በዚያ ተስፋ ላይ አታድርግ። ባንክህንም አናግር። ባንኩ ቢሳካለት እንኳ የሚያስመልሰው ያስገባኸውን እንጂ ያሸነፍከውን አይደለም።

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቅ። «መጀመሪያ 10 በመቶ ታክስ ክፈልና ይለቀቅልሃል» የሚል መልእክት ከመጣልህ ላኪው ሌባ ነው። እንግሊዝ አገር ተጫዋች ባሸነፈው ላይ ታክስ አይከፍልም። «ገንዘብህን እናስመልስልሃለን» ብለው በቴሌግራም የሚመጡትም እንደዚያው ናቸው። አንዴ የተበላን ሰው ፈልገው ነው የሚመጡት።

ፈቃዱ እውነተኛ ከሆነ ግን መሬት ላይ ቆመሃል። አሁን ለምን እንደያዙት መለየት ነው።

ከሜይ 2019 ጀምሮ ካሲኖው ዕድሜህንና ማንነትህን ማጣራት ያለበት ከመጫወትህ በፊት ነው። ቀድሞ ሊጠይቅህ ይችል የነበረውን መረጃ ልታወጣ ስትል ጠብቆ መያዣ ሊያደርገው አይፈቀድለትም። ይህን ዓረፍተ ነገር ደብዳቤህ ውስጥ አስገባው። ነገር ግን ሌላ ሕግም አለ። በ2017ቱ የገንዘብ አጠባ መከላከያ ደንብ መሠረት ካሲኖ 2,000 ዩሮና ከዚያ በላይ በሆነ ግብይት ላይ ደንበኛውን የማጣራት ግዴታ አለበት። ስለዚህ 4,300 ፓውንድ ላይ ጥያቄ መምጣቱ ብቻውን ተንኮል አይደለም። ተንኮል የሚሆነው የጠየቁትን ሁሉ ሰጥተሃቸው መልስ ሲያሳጡህ ነው።

እኛን ሐበሾችን በተለይ የሚያስቸግሩን ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ስም ነው። ፓስፖርት ላይ ስምህ፣ የአባትህና የአያትህ ስም አለ። ባንክ ካርድህ ላይ ሁለቱ ብቻ። አካውንቱን ስትከፍት ደግሞ የአያትህን ስም «ሰርኔም» ብለህ ሞልተህ ይሆናል። ዮሐንስ አንዱ ቦታ በዋይ፣ ሌላው ቦታ በጄ ይጻፋል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። ያንተም እንዲህ ከሆነ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጻፍ፦ በአገራችን የቤተሰብ ስም እንደሌለ፣ ሁለተኛው ስም የአባት እንደሆነ አስረዳ፤ ሁለቱም አጻጻፍ ያለበትን ሰነድ አያይዝ። የልደት ቀንህ አንዱ ሰነድ ላይ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነም እንዲሁ።

ሁለተኛው እቁብ ነው። አንድ ወንድም እቁብ ደርሶት በአንድ ሳምንት ከተለያየ ሰው ገንዘብ ገብቶለታል። ካሲኖው ስቴትመንቱን ሲያይ «የሌሎች ሰዎችን ገንዘብ ይዞ ይጫወታል» ብሎ ዘጋበት። ልጁ ደንግጦ «ብድር ነው» ሊል ነበር። እኔ እውነቱን ጻፍ አልኩት። የእቁቡ ዳኛ የአባላቱን ዝርዝርና የወጣለትን ተራ ጽፎ ፈረመ። እቁብ ምን እንደሆነ በአጭሩ አስረዳንና አብረን ላክነው። ገንዘቡ ተለቀቀ። ውሸት ብትጽፍ ግን ማጭበርበር ብለው ለመዝጋት በቂ ምክንያት ትሰጣቸዋለህ።

ቦነስ ወስደህ እንደሆነ አልጻፍክም። ወስደህ ከሆነ ክርክሩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። 100 ፓውንድ ቦነስ ሰጥተው «35 እጥፍ ተጫወትበት» ካሉ፣ ከማውጣትህ በፊት 3,500 ፓውንድ መወራረድ አለብህ ማለት ነው። በዚህ መሀል «በአንድ ጊዜ ከ5 ፓውንድ በላይ አትወራረድ» የሚል አንቀጽ አለ። አንዲት የ6 ፓውንድ ውርርድ ይፈልጉና ሁሉንም ይሰርዛሉ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ኮሚሽኑ እጥፉ ከ10 እንዳይበልጥ ገድቧል። ስለዚህ ቦነሱን የወሰድክበትን ቀን ፈልግ። እኔ እነዚህን አንቀጾች አጥብቄ እጠላቸዋለሁ። ሲስተሙ 6 ፓውንዱን ያኔውኑ መከልከል ሲችል ዝም ብሎ ተቀብሎ፣ ስታሸንፍ ብቻ ማንሳቱ ነውር ነው። ይህንኑ በጨዋ ቋንቋ ጻፍላቸው።

በሚስትህ ካርድ ገንዘብ አስገብተህ ከሆነ፣ ወይም እዚያው ቤት የምትኖሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ዋይፋይ የየራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ ከሆነ፣ እነሱ ሳይጠይቁህ ቀድመህ ተናገር። ራሳቸው ካገኙት በኋላ ብታስረዳ ማንም አይሰማህም።

አሁን ወደ ሥራው። ቻቱን ተው። እዚያ ያለው ልጅ ሥልጣን የለውም፣ የተሰጠውን ነው የሚገለብጠው። እስካሁን ያለውን ሁሉ ስክሪንሾት አንሳ፤ የውል ገጻቸውንም ጭምር፣ ነገ ሊቀይሩት ይችላሉና። ከዚያ በኢሜይል «መደበኛ ቅሬታ» ብለህ ጻፍ። ስድብም ልመናም አይኑርበት። ገንዘቡን የያዛችሁት በየትኛው አንቀጽ ነው? ጣስኩ የምትሉት የትኛው ውርርድ ነው፣ በስንት ቀን በስንት ሰዓት? ከእኔ የቀረ ሰነድ ካለ ስሙን ጻፉልኝ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። አንቀጹን መጥቀስ ካልቻሉ ይከፍላሉ።

አብረህ የግል መረጃህን ጠይቅ። በመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት የአካውንትህን ታሪክ፣ የጨዋታ መዝገብና የቻት ቅጂ በነፃ የማግኘት መብት አለህ። ጊዜያቸው በመደበኛው አንድ ወር ነው። ይህ ጥያቄ ሲደርሳቸው ፋይልህ ከቻት ልጆች እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል።

ቅሬታህን ከላክህበት ቀን ጀምሮ 8 ሳምንት ቁጠር። እስከዚያ ካልፈቱት፣ ወይም ቀድመው የመጨረሻ መልስ ከሰጡህ፣ ወደ ገለልተኛ አስታራቂ ትሄዳለህ። የትኛው እንደሆነ ውላቸው ላይ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው አይባስ ነው፣ አንዳንዱ ኢኮግራን ይጠቀማል። ለተጫዋች ነፃ ነው። ጋምብሊንግ ኮሚሽን ራሱ ገንዘብህን አያስመልስልህም፤ ግን አሳውቃቸው፣ የፈቃድ ቁጥጥር ላይ ይጠቀሙበታል።

ከዚያም ካለፈ ፍርድ ቤት አለ። ድሮ ከ1845ቱ ሕግ የተነሳ የቁማር ዕዳ በፍርድ ቤት አይጠየቅም ነበር። የ2005ቱ የቁማር ሕግ ይህን ሽሮ ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ እንደማንኛውም ውል አድርጎታል። ያንተ ገንዘብ ከ10,000 ፓውንድ በታች ስለሆነ በአነስተኛ ክስ ይታያል፣ ያለ ጠበቃም ይቻላል።

ትልልቅ ድርጅቶችም ተሸንፈዋል። በ2018 በቤትፍሬድ 1.7 ሚሊዮን ፓውንድ ያሸነፈ ሰው «የሶፍትዌር ስህተት ነው» ተብሎ ተከለከለ። 60,000 ፓውንድ ተቀብሎ ዝም እንዲል ጠይቀውት እምቢ አለ። በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለእሱ ፈረደ፤ የተደገፉባቸው አንቀጾች ግልጽ አይደሉም፣ ለተጫዋቹም በቂ በሆነ መንገድ አልተነገሩም ብሎ። በፓዲ ፓወር ስትጫወት ስክሪኑ ላይ ትልቁ ጃክፖት የወጣላት ሴትም የተከፈላት 20,000 ፓውንድ ገደማ ነበር። በማርች 2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተፈርዶላታል። ሁሉም ግን አያሸንፍም። በ2024 አንዲት ሴት ከብሔራዊ ሎተሪው የኦንላይን ጨዋታ 1 ሚሊዮን ጠይቃ በይግባኝ ተሸንፋ 10 ፓውንድ ብቻ ቀርቶላታል፤ ስትመዘገብ የተስማማችበት ውል አስሯታል። ለዚህ ነው አንቀጹን አንብብ የምልህ።

ሌላም ላንሳ፣ ስለምትገደኝ ነው። ጥያቄህ ውስጥ «ከዚህ በፊት ያጣሁትን የሚመልስልኝ ይህ ነበር» የሚል አለ። እሱን ሳነብ አዘንኩ። ራስን ከቁማር ማገጃ በሆነው አገልግሎት፣ ጋምስቶፕ ላይ ከተመዘገብክ ፈቃድ ያላቸው የኦንላይን ካሲኖዎች በሙሉ ይዘጉብሃል። ይህን ክርክር አያበላሽብህም፣ ያለህ ገንዘብ ያንተ ነው። በ0808 8020 133 ደግሞ ሌሊትም ቀንም በነፃ የሚያነጋግርህ ሰው አለ።

መዝገቡን ዛሬ አይተህ የፈቃዱን ነገር ጻፍልኝ። የቅሬታውንም ረቂቅ ስምህንና የአካውንት ቁጥርህን አጥፍተህ እዚሁ ለጥፈው፤ ከመላክህ በፊት አየዋለሁ።