የጥብስ ቅጠልዎን የገደለው ባሕሩ አይደለም

ጥያቄ፦ የምጽፍልህ ከአሽቀሎን ነው። ቤታችን ምድር ቤት ነው፤ ከባሕሩ በእግር አምስት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ባለፈው ሚያዝያ አጥር ይሆነኛል ብዬ በግቢያችን ዳር አሥራ ሁለት የጥብስ ቅጠል ችግኝ ተከልሁ፤ ሁለት ደግሞ በረንዳው ላይ በማሰሮ አሉኝ። በጋው ስለሚያቃጥል ጠዋትና ማታ ሳላጓድል አጠጣቸዋለሁ። አሁን በነሐሴ ከአጥሩ አምስቱ ከታች ጀምረው እየጠወለጉ ቅጠላቸው ይረግፋል። ጎረቤቴ «የባሕሩ ጨው ነው፤ ነቅለሽ ሌላ ተክል ትከዪ» ትለኛለች። ጎንደር ሳለን ደንቢያ ውስጥ ገበሬዎች ነበርን፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ ለጊዜው ጎረቤትዎን አይስሟት። የጥብስ ቅጠል የዚያው የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ተወላጅ ነው። እኛ ከሥጋው ጋር አያይዘን ስም ብናወጣለትም፣ በላቲን የተሰጠው ስም «የባሕር ጤዛ» ማለት ነው። ቅጠሉን ገልብጠው ይመልከቱት፤ ቀጭን ነው፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፣ ከሥሩም ነጭ ጸጉር አለው። በነፋስና በፀሐይ እርጥበቱን የሚያቆየው በዚህ ነው። ጨዋማ ነፋስን ከሚችሉ የአጥር ተክሎች አንዱ መሆኑም ከዚሁ የመጣ ነው።

ጨው ቢጎዳው ኖሮ ምልክቱ ሌላ ነበር። መጀመሪያ የሚቃጠለው ወደ ባሕሩ የዞረው ጎን፣ እሱም ከቅጠሉ ጫፍ ጀምሮ ነው። የእርስዎ ግን ከታች ተነሥቷል። አንዱን በሽተኛ በጥንቃቄ ቆፍረው ሥሩን ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ጠቁሮ ይላላል፤ በጣትዎ ሲስቡት ልጡ ይሸለቀቃል፣ ሽታውም ደስ አይልም። እኔ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚጠጣ የጥብስ ቅጠል ሌላ ዕድል የለውም።

ነገሩን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ደንቢያ ላይ ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሲያባራ፣ ዋልካው ላይ የተኛው ውኃ ሲጠፋ አልነበረም? ሥሩ የተኛ ውኃ ስለማይችል ነው። ይህም ተክል እንደዚያው ነው። አፈሩ ውስጥ ያለውን የአየር ቦታ ውኃ ሲይዘው ሥሩ ይታፈናል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ሥር አበስባሽ ተዋሲያን ይራባሉ። የታመመ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። ያኔ ሰው ይራራና ይጨምርለታል። በዚህ ሥራ ስቆይ ከጥማት ይልቅ በርኅራኄ የሞተ የጥብስ ቅጠል ነው የበዛብኝ።

ስለዚህ ዛሬ ውኃውን ያቁሙ። የጠወለጉትን ግንድ በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉ፤ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከሆነ ይተዉት፣ ሊያገግም ይችላል። ደርቆ ቡናማ ከሆነ ይንቀሉት፤ ጉድጓዱንም ከፍተው ለፀሐይ ይተዉት። የቀሩትን ጣትዎን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰደው ደረቅ ሲሆን ብቻ ያጠጡ፤ ለመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። አሸዋማ ከሆነ ትንሽ ቶሎ ይደርቃል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት አንዴ፣ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ጨርሶ ማቆም ነው። ግቢዎ የጠብታ መስኖ ካለው፣ የአጥሩ መስመር ከሣሩ ወይም ከቲማቲሙ ጋር በአንድ ቧንቧ እንዳይከፈት ያረጋግጡ። ፍግም አያስፈልገውም፤ ሲጠግብ ይለሰልሳል፣ ጠረኑም ይቀንሳል።

ሌላው ስሕተት የተከላው ወቅት ነው፤ ይህ ደግሞ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ያገራችን ልማድ ነው። በጎንደር የሚያዝያው ሙቀት ሲያልፍ የክረምቱ ዝናብ ይከተላል። አሽቀሎን ግን የሚዘንበው በብርዱ ወራት ነው፤ በሚያዝያ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ሳይወርድ ረጅሙን ደረቅ በጋ ይጋፈጣል። የሞቱትን የሚተኩት ከዳስ በዓል እስከ ስግድ (ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ የሚውለው የቤተ እስራኤል በዓል) ባለው ጊዜ ይሁን። በተክሎች መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ይተዉ። አፈሩ ጭቃ የሚይዝ ከሆነ ሃያ ሴንቲሜትር ያህል ደልድለው ከፍ ባለው ላይ ይትከሉ። ሲገዙም ቀጥ ብሎ የሚያድገውን ዓይነት ይጠይቁ፤ መሬት ለመሬት የሚሳበው ዓይነት ከማሰሮ ላይ ሲንጠለጠል ያምራል እንጂ መቼም አጥር አይሆንም።

አጥሩ ሲያድግ አበባውን ከጨረሰ በኋላ ለስላሳውን ጫፍ ብቻ ይግረዙ። ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የጥብስ ቅጠል ግን ቅጠል የሌለው አሮጌ ግንድ ላይ ከተቆረጠ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። ከልጅነቱ ጀምሮ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ካልተገረዘ ከታች ተራቁቶ ከላይ ብቻ ይለመልማል፤ እሱን መልሶ ማስተካከል ከባድ ነው።

የበረንዳዎቹ ሁለቱ የተለየ ጠባይ አላቸው። ማሰሮ በነፋስ ቶሎ ስለሚደርቅ ከአጥሩ ይልቅ ደጋግሞ ይጠማል፤ ግን እሱንም በጣትዎ እንጂ በሰዓት አያጠጡ። ማሰሮው ቢያንስ ሠላሳ ሴንቲሜትር ስፋት ይኑረው፣ ከሥሩም ቀዳዳ፤ ሸክላ ከላስቲክ ይሻላል። ከሥሩ ባለው ሳህን ላይ ውኃ አይቆይ። ለማሰሮ ከሚሸጠው አፈር ሁለት እጅ፣ ከሻካራ አሸዋ አንድ እጅ ይቀላቅሉ። አሸዋውን ከባሕሩ ዳር እንዳያመጡ አደራ፤ ቅጠሉ የሚችለውን ጨው ሥሩ አይችለውም። በበጋ ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ከታች እስኪፈስ ድረስ በብዙ ውኃ ያጥቡት፤ ከቧንቧ ውኃና ከማዳበሪያ የተጠራቀመው ጨው ይወጣል።

አዲስ ችግኝም አይግዙ። ከሰባቱ ጤነኞች አበባ ያልያዘ ጫፍ አሥር ሴንቲሜትር ያህል ይቁረጡ፤ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፈው እርጥብ አሸዋ ላይ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይሰኩ። እንደ ቅንጭብ በየትም አይበቅልም፤ ከዐሥሩ ሦስት አራቱ ቢከስሙ አይደንግጡ። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሥር ያወጣሉ፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ ከሰኩ ለስግድ የሚተከል ይኖርዎታል።